ፍጥነቱን የገታው ሙቀት ነው ወይስ የኃይል ገደብ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተር

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚገናኙ ሆነው ስላገኘናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ጉዳዩም ፕሮሰሰር ከባድ ጭነት ተሰጥቶት በስትረስ ቴስት ሲፈተን ፍጥነቱን የሚቀንስበት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሌሎቹም መሠረት ስለሚሆን ሰፋ ያለ መልስ ሰጥተንበታል።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ

ጤና ይስጥልኝ። ካዛንቺስ አካባቢ ባለች አነስተኛ ቢሮ ውስጥ የሕንፃ ንድፎችን ሬንደር እያደረግሁ (በኮምፒውተር ወደ ምስል እየቀየርሁ) የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ኮር አይ7-10700 ፕሮሰሰር ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ሻጩ ፍጥነቱ እስከ 4.8 ጊጋኸርትዝ ይደርሳል ብሎኝ ነበር። ስትረስ ቴስት ስሠራበት ግን ስምንቱም ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ለመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ያህል በ4.6 ጊጋኸርትዝ ይሠሩና በአንድ ጊዜ ወደ 3.2 ይወርዳሉ፤ ፈተናው እስኪያበቃ ድረስም ከዚያ አይነቃነቁም። በዚያው ቅጽበት የኃይል ፍጆታው ከ150 ወደ 65 ዋት፣ ሙቀቱም ከ84 ወደ 57 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ጓደኛዬ ፕሮሰሰሩ ተበላሽቶ ነው የተሸጠልህ ይለኛል። ያማከርሁት የጥገና ባለሙያ ደግሞ ማቀዝቀዣው አቅም ስለሌለው በትልቅ መለወጥ አለበት ብሎኛል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ፕሮሰሰርዎ አልተበላሸም፤ ማቀዝቀዣውም ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው። ይህን በድፍረት ለመናገር ያስቻለኝ እርስዎ ራስዎ መዝግበው የላኩልን የሙቀት ቁጥር ነው። ፍጥነቱን የገታው ሙቀት ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ወደ 57 ዲግሪ አይወርድም ነበር። በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን የሚቀንስ ፕሮሰሰር የሚቀንሰው ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሙቀቱ ንባብ እዚያው ጣሪያው ሥር፣ በእርስዎ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አጠገብ ተጣብቆ ይቆያል፤ ፍጥነቱም በአንድ ቁጥር ላይ ከመርጋት ይልቅ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። በእርስዎ ማሽን ላይ ግን ፍጥነቱ ሲወርድ ሙቀቱም አብሮ በ27 ዲግሪ ወርዶ ከጣሪያው 43 ዲግሪ ርቆ ተቀምጧል። በሌላ በኩል 65 ዋት የሚለው ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር የመደበው መነሻ የኃይል መጠን በትክክል 65 ዋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ሁለት ዋና ዋና የኃይል ገደቦች አሉት። ፒኤል1 የሚባለው ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ እንዲወስድ የሚፈቀድለት የኃይል መጠን ሲሆን፣ ፒኤል2 ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲደርስበት የሚፈቀድለት ከፍተኛ መጠን ነው። ታው የሚባለው ሦስተኛ ቁጥር በሰከንድ የሚለካ ሲሆን፣ ይህ አጭር ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነው እሱ ነው። ለኮር አይ7-10700 ኢንቴል የሚመክራቸው ቁጥሮች በቅደም ተከተል 65 ዋት፣ 224 ዋትና 28 ሰከንድ ናቸው። ሻጩ የጠቀሰልዎት 4.8 ጊጋኸርትዝ ሐሰት ባይሆንም የሚገኘው ሥራው በጥቂት ኮሮች ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው፤ ስምንቱም ኮሮች ሲሠሩ ጣሪያው እርስዎ ያዩት 4.6 ነው፤ ኢንቴል በ65 ዋት ለዘለቄታው ዋስ የሚሆነው ግን ለ2.9 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው። ስለዚህ በ3.2 የሚሠራው ማሽንዎ ከተገባለት ቃል በላይ እየሰጠ ነው ማለት ይቻላል።

የሦስቱን ቁጥሮች ዝምድና ለመረዳት በከተማችን በየቤቱ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠውን የውኃ ሮቶ ያስቡ። ከመንገድ የሚመጣው መስመር ቀጭን ስለሆነ በደቂቃ የሚያስገባው ውኃ የተወሰነ ነው፤ ፒኤል1 ይህን ይመስላል። ሮቶው ሙሉ ሆኖ የቤቱ ቧንቧ ሲከፈት ግን ከሚገባው እጅግ የበለጠ ውኃ መቅዳት ይቻላል፤ ቧንቧው ቢበዛ ሊያፈስ የሚችለው መጠን ፒኤል2 ነው። የሮቶው ስፋት ደግሞ ታው ነው። ሮቶው ካለቀ በኋላ ቧንቧው ምንም ያህል ቢከፈት የሚቀዳው ከመንገዱ መስመር የሚገባውን ያህል ብቻ ይሆናል። ቧንቧው ተዘግቶ ሲቆይ ሮቶው መልሶ እንደሚሞላ ሁሉ፣ ፕሮሰሰሩም ጥቂት ካረፈ በኋላ እንደገና ለአጭር ጊዜ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ማሽንዎ ፈጣን ሆኖ የሚሰማዎት፣ ሬንደር ላይ ግን የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፋይል መክፈትና ምስል ማዞር ሮቶው ሳያልቅ የሚያበቁ ሥራዎች ናቸው።

ታው 28 ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ በ15 ሰከንድ ለምን ወረደ የሚል ጥያቄ ሊነሳብዎት ይችላል፤ ብዙ ሰዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ታው እንደ ደወል ሰዓት ቆጥሮ የሚጮህ ቁጥር አይደለም። ፕሮሰሰሩ የወሰደውን ኃይል አማካይ ያለማቋረጥ ያሰላል፤ በስሌቱ ውስጥ የቅርቡ ጊዜ ከፍተኛ ክብደት ሲሰጠው የቆየው እየሳሳ ይሄዳል፤ ታው የሚወስነውም ይህ መሳሳት የሚፈጥንበትን ልክ ነው። አማካዩ 65 ዋት ሲደርስ ገደቡ ይያዛል። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ 10 ዋት ያህል ሲወስድ ቆይቶ በድንገት 150 ዋት መውሰድ ቢጀምር፣ አማካዩ 65 ዋት የሚደርሰው ከ14 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ ይህም እርስዎ ካዩት ጋር ይገጣጠማል። ፈተናውን ከመጀመርዎ በፊት ሌላ ሥራ ላይ ሆኖ 40 ዋት ሲወስድ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ 7 ሰከንድ ያህል ብቻ ይቆይ ነበር። ጭነቱ 200 ዋት የሚያስወስድ ከባድ ፈተና ቢሆን ደግሞ ከእረፍት ተነሥቶ እንኳ 10 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ የተለያየ ሰከንድ ቢመዘግቡ አንዱ ማሽን ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ይህን ምክር የምሰጠው በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁትም ጭምር ነው። ከዓመታት በፊት አምባሳደር አካባቢ በነበረን ቢሮ አንድ ማሽን ልክ እንደ እርስዎው ይዘገይብን ነበር። የወሰድሁበት የጥገና ቤት በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት ሁለት ጊዜ ቀየረው፤ በመጨረሻም ትልቅ ማቀዝቀዣ ገጠመለትና ሒሳቡን ከፈልሁ። ማሽኑን መልሼ ያንኑ ፈተና ሳስኬድበት የፋኑ ድምፅ ጠፍቷል፤ ሙቀቱም በ12 ዲግሪ ቀንሷል፤ ፍጥነቱ ግን በፊት ከነበረበት ቁጥር ላይ ንቅንቅ አላለም። የዋቱን መስመር ልብ ብዬ ያየሁት ያን ዕለት ነው። 64.9 ይላል፤ ቀጥሎ 65.0፣ ቀጥሎ 65.1፣ ከዚያ ተመልሶ 65.0። ሙቀት እንዲህ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር አይሠራም። ለማቀዝቀዣው የከፈልሁት ገንዘብ ዛሬም ይቆጨኛል፤ እርስዎም ያንኑ እንዲደግሙት አልፈልግም።

ራስዎ ለማረጋገጥ ኤችደብሊውኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱና ፈተናው እየሄደ ሳለ አፈጻጸምን የገታውን ምክንያት የሚያሳየውን ክፍል ይመልከቱ። የሙቀት፣ የፒኤል1፣ የፒኤል2ና የከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ገደቦች ለየብቻ ተዘርዝረው እያንዳንዳቸው ፊት ለፊት አዎ ወይም የለም የሚል ምልክት ይቀመጣል። በእርስዎ ማሽን ላይ የሙቀቱ መስመር የለም፣ የፒኤል1 መስመር ደግሞ አዎ እንደሚል አልጠራጠርም።

ገደቡን ከፍ ማድረግ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሴ፣ ማዘርቦርዱ ከፈቀደ ይቻላል፣ ነገር ግን በልኩ የሚል ነው። ቁጥሩ የሚለወጠው የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ቅንብር በሚስተካከልበት ባዮስ ውስጥ ገብቶ የረጅም ጊዜ የኃይል ገደብ የሚለውን መስመር በማስተካከል ነው። ለቢሮ ተብለው የተሠሩ ያገለገሉ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ይህን መስመር ከነጭራሹ አያሳዩም፤ ይህም አለምክንያት አይደለም፤ ፓወር ሰፕላያቸውም፣ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ኤሌክትሪኩን የሚመጥነው የማዘርቦርዱ ክፍልም የተመረጡት ለዚያው ለ65 ዋት ነው። የእርስዎ ማዘርቦርድ የሚፈቅድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ወደ 150 ከመዝለል ይልቅ በቅድሚያ 80፣ ቀጥሎ 95 ዋት እያደረጉ በእያንዳንዱ ደረጃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይፈትኑት።

እኔ ብሆን በ95 ዋት አቆማለሁ፤ ምክንያቱም ፕሮሰሰር የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቮልቴጁ ካሬ ጋርም አብሮ ያድጋል። ለ4.6 ጊጋኸርትዝ 1.25 ቮልት የሚያስፈልገው ፕሮሰሰር ለ3.2 ጊጋኸርትዝ 1 ቮልት ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ ፍጥነቱ በ30 ከመቶ ሲቀንስ ኃይሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ እርስዎ የመዘገቡት ከ150 ወደ 65 መውረድም ይህንኑ ያሳያል። ከእርስዎው ቁጥሮች ተነሥቼ ስገምት በ95 ዋት ፍጥነቱ ወደ 3.8 ጊጋኸርትዝ ይጠጋል። የመጀመሪያዎቹ 30 ዋቶች 0.6 ጊጋኸርትዝ ሲያስገኙልዎ፣ ቀጣዮቹ 55 ዋቶች የሚጨምሩልዎ 0.8 ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሬንደር በ95 ዋት ወደ 50 ደቂቃ፣ በ150 ዋት ደግሞ ወደ 42 ደቂቃ ይወርዳል፤ ፕሮሰሰሩ ለዚያው አንድ ሥራ የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ከ65 ዋት ሰዓት ወደ 80፣ ከዚያም ወደ 105 ገደማ ያድጋል። ስምንቱን ደቂቃ ለማትረፍ ማዘርቦርዱን ቀኑን ሙሉ ማጨናነቅ ያዋጣ እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ከባድ ፕሮግራም ስከፍትበት፣ አንዳንዴም ምንም ሳልከፍትበት፣ ወደ 800 ሜጋኸርትዝ ወርዶ ጽሑፍ መጻፍ እንኳ እስኪያቅተኝ ድረስ ይንቀራፈፋል። የሚያስገርመኝ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ብቻ መሆኑ ነው። ከቻርጀር ስነቅለው ይሻለዋል። የፊተኛው ቻርጀር ስለተቃጠለ ሌላ ገዝቼለታለሁ። ጓደኞቼ ፔስት ይቀየርለት ይላሉ።

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ፔስት መቀየር ለእርስዎ ችግር መድኃኒት አይሆንም። በ45 ዲግሪ የሚሠራ ፕሮሰሰር ሙቀት አልገታውም። የኃይል ገደብ ነው እንዳይባልም፣ በፒኤል1 የተገታ ፕሮሰሰር እስከተፈቀደለት ዋት ድረስ ይሠራል እንጂ ምንም ሥራ ሳይኖርበት 800 ሜጋኸርትዝ ላይ ተቸንክሮ አይቀርም። የቀረው ሦስተኛው መንገድ ፕሮክሆት የሚባለው ምልክት ነው።

ፕሮክሆት በፕሮሰሰሩ ላይ ያለ አንድ መስመር ሲሆን፣ መጀመሪያ የተፈጠረው ፕሮሰሰሩ ራሱ በጣም ሲሞቅ ይህንኑ ለሌሎቹ እንዲያሳውቅበት ነው። መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሠራ ተደርጎ ሲዘጋጅ ግን ማዘርቦርዱም በበኩሉ ፕሮሰሰሩን ፍጥነትህን አውርድ ብሎ ሊያዝዝበት ይችላል። የላፕቶፕ አምራቾች ይህን መንገድ ለተለያየ ነገር ይጠቀሙበታል፤ ከእነዚህም አንዱ ቻርጀሩ የማይታወቅ ወይም አቅሙ የማይበቃ ሆኖ ሲገኝ ማሽኑ ከሚችለው በላይ እንዳይስብ መከላከል ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ከቻርጀሩ ጫፍ መካከል ባለች ቀጭን ሽቦ አማካይነት የቻርጀሩን ማንነትና ዋት ያነባሉ፤ ያቺ ሽቦ ከታጠፈች ወይም ከዋናው ጋር ተመሳስሎ በተሠራ ቻርጀር ውስጥ ጨርሶ ከሌለች ላፕቶፑ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን መሬት ይወርዳል። ሲነቅሉት የሚሻለው መሆኑ ጥርጣሬዬን ወደዚያው ይመራዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን ቮልትና አምፒር ከአዲሱ ቻርጀር ጋር ያስተያዩ፤ ቀጥሎም ተመሳሳይ ላፕቶፕ ካለው ሰው ዋናውን ቻርጀር ለአሥር ደቂቃ ተውሰው ይሞክሩት። በዚያ ከተስተካከለ ችግሩ ተገኝቷል። ካልተስተካከለ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ዳሳሾች አንዱ የተሳሳተ ንባብ እየሰጠ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጥገና ቢወስዱት ይሻላል። ትሮትልስቶፕ በተባለው ፕሮግራም ይህን ምልክት መዝጋት እንደሚቻል የሚነግርዎት ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ይቻላል። ነገር ግን ምልክቱ ትክክለኛ ሆኖ ቢገኝ፣ ለምሳሌ ቻርጀሩ አቅም የሌለው ቢሆን፣ የሚያቃጥሉት ነገር ከፕሮሰሰሩ በፊት ቻርጀሩን ወይም የኃይል መስመሩን ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ምልክቱን መዝጋትን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ከስታዲየም አካባቢ

ለደንበኞች ኮምፒውተር እየገጣጠምሁ አስረክባለሁ። በቅርቡ በኮር አይ9-14900ኬ የገጠምሁት ማሽን ስትረስ ቴስት በጀመረ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ 100 ዲግሪ ይደርሳል፤ ትልቅ የውኃ ማቀዝቀዣ ገጥሜለትም አልቀረም። ባዮሱ ውስጥ ሁለቱም የኃይል ገደቦች 4096 ዋት ይላሉ። ደንበኛዬ አንዳንድ ጌም ሲከፍት ፕሮግራሙ በራሱ ይዘጋበታል።

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ የእርስዎ ጉዳይ የካዛንቺሱ ተገላቢጦሽ ነው። 4096 ዋት የሚባል ገደብ ገደብ አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ገደቡን አንሥቶታል ማለት ነው። የማዘርቦርድ አምራቾች በውድድር ብልጫ ለማሳየት ሲሉ ለዓመታት ይህን ሲያደርጉ ቆይተዋል። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር የመደበው ከፍተኛ የኃይል መጠን 253 ዋት ነው። ገደብ የሌለው ፕሮሰሰር የሚያቆመው የሙቀት ጣሪያ ብቻ ስለሚሆን ማቀዝቀዣውን ምንም ያህል ቢያሳድጉት 100 ዲግሪ ላይ ሄዶ መቆሙ አያስደንቅም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሙቀቱ ሳይሆን የጌሙ በራሱ መዘጋት ነው። በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ይህን የመሰለ አለመረጋጋት በስፋት ታይቶ፣ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ሐምሌ ወር ላይ ምክንያቱ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እንዲጠይቅ የሚያደርግ የማይክሮኮድ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚሠራ መሠረታዊ ፕሮግራም) ስሕተት መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ 0ኤክስ129 የተባለው ማስተካከያ በባዮስ ማሻሻያ በኩል ተለቀቀ፤ ከዚያ በኋላም ተጨማሪ ማስተካከያዎች ተከትለዋል። ኩባንያው ለሚመለከታቸው ፕሮሰሰሮች የዋስትናውን ጊዜ በሁለት ዓመት አራዝሟል። ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር ማስተካከያው የሚከላከል እንጂ የሚፈውስ አለመሆኑ ነው፤ አስቀድሞ የተጎዳ ፕሮሰሰር በባዮስ ማሻሻያ አይድንም።

እንግዲህ የማዘርቦርዱን የመጨረሻ ባዮስ ይጫኑ፤ ከዚያም ባዮሱ ውስጥ የኢንቴል መደበኛ ቅንብር የሚለውን ይምረጡ። ሁለቱም ገደቦች 253 ዋት መሆናቸውን በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ የባዮስ ማሻሻያ በተደረገ ቁጥር ቅንብሩን ወደ ራሱ ምርጫ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጌሙ አሁንም የሚዘጋ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሳይጎዳ አልቀረምና ደረሰኙ በእጅዎ እያለ የዋስትና ጥያቄ ያቅርቡ። ለደንበኛዎም እውነቱን ይንገሩት። በፈተና ላይ የሚያጡት ጥቂት ነጥብ ነው፤ ያስረከቡት ዕቃ ግን በስምዎ የሚጠራ ነው።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ

ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉኝ። ራይዘን 7 7700ኤክስ ፕሮሰሰሬ በፈተና ላይ 95 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያሰጋል? ሁለተኛ፣ የወንድሜ ኮምፒውተር ላይ የገጠምነው ማቀዝቀዣ በውጭ አገር የዩቲዩብ ፍተሻዎች ላይ ከሚታየው አምስት ዲግሪ ያህል የበለጠ ሙቀት ያሳያል። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ሆና ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል? ፈተናውስ ስንት ሰዓት መሄድ አለበት?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ራይዘኑ አይስጉ። ኤኤምዲ የ7000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮቹን ሲነድፍ በከባድ ጭነት ወቅት እስከ 95 ዲግሪ ሄደው እዚያ እንዲሠሩ ሆን ብሎ ነው። በኤኤምዲ ዘንድ የፒኤል2ን ቦታ የሚይዘው ፒፒቲ ይባላል፤ ለእርስዎ ፕሮሰሰር በወረቀት ላይ 105 ዋት ቢጻፍለትም ፒፒቲው 142 ዋት ነው፤ የጊዜ ገደብም የለውም። ሙቀቱና የፋኑ ጩኸት ካስቸገረዎ ባዮስ ውስጥ ኢኮ ሞድን አብርተው የ65 ዋቱን ደረጃ ቢመርጡ ፒፒቲው ወደ 88 ዋት ይወርዳል። የፍጥነቱ ኪሳራ ከኃይሉ ቅነሳ እጅግ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱን ለካዛንቺሱ ጠያቂ በሰጠሁት መልስ ውስጥ ያገኙታል።

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ከተማችን ያለችበት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚዞረው እዚያም እዚህም እኩል ሆኖ ሳለ፣ እዚህ በሂትሲንኩ (ሙቀቱን በሚበትነው የማቀዝቀዣው ብረት) ቅጠሎች መካከል የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ይዞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። በሌላ በኩል የክፍላችን ሙቀት ቀለል ያለ መሆኑ ጉድለቱን በከፊል ያካክስልናል። ስለዚህ ከውጭ ፍተሻዎች ጋር ሲያነጻጽሩ ቁጥሩን እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ፣ የክፍሉን ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ቀንሰው ልዩነቱን ያስተያዩ፤ ልዩነቱም እዚህ በጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ የማቀዝቀዣው ጥፋት አድርገው አይውሰዱት። ልዩነቱ ከዚያ በጣም የሚሰፋ ከሆነ ግን ከፔስቱና ከብሎኖቹ በፊት አቧራውን ይመልከቱ። በዋና መንገድ ዳር ባሉ ቢሮዎች ውስጥ የተቀመጠ ማሽን ሽፋኑ ሲከፈት በቅጠሎቹ መካከል እንደ ጥጥ የተጋገረ አቧራ ሲወጣ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

የፈተናው ርዝመት በሚፈልጉት ነገር ይወሰናል። ሙቀቱን ለማወቅ በአየር ለሚቀዘቅዝ ማሽን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ የውኃ ማቀዝቀዣ ከሆነ ውኃው ራሱ እስኪሞቅ ድረስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠብቁ። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ፈተና የሚገኘው ቁጥር የሮቶው ውኃ ሳያልቅ የተወሰደ ስለሆነ ምንም አያስረዳም። መረጋጋቱን ለማየት ግን ሰዓታት ያስፈልጋሉ። ፕራይም95 የተባለው የስትረስ ቴስት ፕሮግራም በተለይ በትንንሾቹ ስሌቶች ሲሄድ ከማንኛውም የዕለት ተዕለት ሥራ የበለጠ ሙቀት ስለሚያመጣ፣ እዚያ ላይ የሚታየው ሙቀት በሥራ ላይ የሚያገኙት ነው ብለው አይውሰዱት፤ ከእሱ ጎን ለጎን እርስዎ በእርግጥ የሚሠሩበትን ፕሮግራም ለአንድ ሰዓት ያስኪዱና ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ይመዝግቡ። ማሽኑ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል በሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ከሆነ ደግሞ ፈተናውን ከመጀመርዎ በፊት የዩፒኤሱን ዋት ይመልከቱ፤ ለቢሮ ሥራ የሚበቃ አነስተኛ ዩፒኤስ ሙሉ ጭነት ላይ ያለ ማሽን መሸከም አቅቶት መብራት በጠፋበት ቅጽበት ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ክፍት ፋይሎችዎን አስቀድመው ያስቀምጡ።